የተሰናባቹ አሰልጣኝ ሒሳብ በማን ይከፈላል?

በ2006 ዓ.ም. ፋሲካን የዋልኩት ፍኖተ ሰላም ነበር። ወደ ማታ ላይ፣ ዶሮውንና ጠላውን ያጣጣመው ሁሉ ከአውራ ጎዳናው ዳር ወዳለው የእግር ኳስ ማሳያ ቤት ይጎርፍ ጀመር። የበቆሎ ደላላው፣ በርበሬ ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለሰው የአይሱዙ ሾፌር፣ የባጃጅ ልጆች፣ አስተማሪው፣ በቡሬ በኩል ወደ ነቀምት የሚሻገረው ጨርቅ ነጋዴ፣ ሁሉም የመግቢያውን ከፍሎ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ማንቸስተር ዩናይትድ በኤቨርተን ሜዳ 2 ለ 0 ተረታ። ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን፣ አሰልጣኙ ዴቪድ ሞየስ ተባረረ የሚለው ወሬ ከተማውን አዳረሰው።

የዚያን ዕለት ማታም ቤቱ ሞላ። ክርክሩ «ማን ይተካው?» ነው። አንዱ ሉዊ ቫን ኻልን ይጠራል፣ ሌላው ከዶርትሙንድ የርገን ክሎፕን ያመጣል፣ ሦስተኛው «ከቤት ልጅ የሚሻል የለም» ብሎ ለጊዜው የተሾመውን ራያን ጊግስን ያጸናል። የአርሴናል ደጋፊ የሆነው ደላላ ደግሞ «እናንተ ማንንም ብታመጡ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው» እያለ እሳት ይጭራል። እስከዚያ ዝም ብለው ሲያዳምጡ የቆዩ አንድ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ የበርበሬ ነጋዴ «ለመሆኑ ልጆች፣ ይኼ ሰውዬ የስድስት ዓመት ውል ነበረው አላላችሁም? የቀረውን ማን ነው የሚከፍለው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ አወካ። «ጋሼ፣ እነሱ ሀብታሞች ናቸው፤ እርስዎን አይጠይቁም» አላቸው ደላላው። «እኔን ባይጠይቁም አንድ ሰው ይጠየቃል» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። እኔ ግን አሰልጣኝ በተባረረ ቁጥር የሚታወሰኝ የእኒህ ሰው ጥያቄ ነው። በሬ ለመግዛት ገበያ ስንወጣ ጥርሱን ቆጥረን፣ አስኪደን፣ ሻጩ ለምን እንደሚሸጠው ጠይቀን ነው ወደ ዋጋ የምንገባው። አሰልጣኝ ሲሆን ግን ያለፈው ለምን እንደወደቀ ሳንጠይቅ፣ ስንት እንደከፈልንበት ሳናሰላ፣ የሚቀጥለውን ስም መጥራት እንጀምራለን። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው፦ «ማን ይተካው?» ከሚለው በፊት «የፊተኛውን ግዢ ማን ፈጸመው? ኪሳራውስ በማን መዝገብ ገባ?» የሚለው መቅደም አለበት።

የስድስት ዓመት ውል በአሥር ወር

የእንግሊዙን ክለብ የመረጥኩት ደጋፊው ስለሆንኩ አይደለም። ክለቡ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2012 ጀምሮ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ በመሆኑ ሒሳቡን መደበቅ ስለማይችል ነው። በሌላ ቦታ በሐሜት የምንሰማው ነገር እዚያ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል።

ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ከ26 ዓመት በላይ ክለቡን መርቶ፣ 13 የሊግ ዋንጫ አንስቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በክብር ወጣ። ሞየስን ለመተካት ያጨውም እሱ ነበር። ሞየስ የስድስት ዓመት ውል ፈርሞ በአሥር ወሩ ተባረረ። የክለቡ ዓመታዊ ሪፖርት ለእሱና ለረዳቶቹ ስንብት 5.2 ሚሊዮን ፓውንድ መውጣቱን ያሳያል። ቫን ኻል መጣ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 የኤፍ ኤ ካፕ ዋንጫ ባነሳ በሁለተኛው ቀን ተሰናበተ፤ 8.4 ሚሊዮን። ጆዜ ሞሪኞ መጣ፤ በታኅሣሥ 2018 ተሰናበተ፤ ከነረዳቶቹ 19.6 ሚሊዮን። ኤሪክ ቴን ሀግ በጥቅምት 2024 ተሰናበተ፤ 10.4 ሚሊዮን። በ2021 የተሰናበተውን ኦሌ ጉናር ሶልሻየርን ትተን የእነዚህን አራቱን ብቻ ብንደምር 43.6 ሚሊዮን ፓውንድ ይሆናል። ይህ ሥራ ለሠሩበት ዘመን የተከፈለ ደመወዝ አይደለም። ሥራ እንዳይሠሩ የተከፈለ ገንዘብ ነው።

የሞየስን ውል ከቴን ሀግ ጋር ማነጻጸር ለነጋዴ ትምህርት አለው። በወቅቱ የእንግሊዝ ጋዜጦች እንደዘገቡት፣ ቡድኑ ለአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ካላለፈ ሞየስን በአንድ ዓመት ደመወዝ ብቻ ማሰናበት የሚያስችል አንቀጽ በውሉ ውስጥ ነበር። የፋሲካው ሽንፈት ያንን በር ዘጋው፣ ስንብቱም ወዲያው ተከተለ። ቀጣሪው መውጫውን አስቀድሞ ሠርቶ ነበር ማለት ነው። በቴን ሀግ ጊዜ የተደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። የክለቡ ሰዎች በ2024 ክረምት ሌሎች አሰልጣኞችን ሲያነጋግሩ ከርመው፣ መጨረሻ ላይ የነበረውን እናቆይ ብለው በሐምሌ መጀመሪያ ውሉን እስከ 2026 አራዘሙለት። አራት ወር ሳይሞላ አባረሩት። ከዚያም ሩበን አሞሪምን ከስፖርቲንግ ሊዝበን ለማስለቀቅ 11 ሚሊዮን ዩሮ ከፈሉ። እሱም በጥር 2026 መጀመሪያ ተሰናበተ። መጋዘን ሊለቅ ያሰበ ነጋዴ ለሁለት ዓመት ኪራይ ፈርሞ በአራተኛው ወር ቁልፉን ሲመልስ ብናይ ምን እንለዋለን?

አንድ ነገር ልጨምር። ሞየስ በተባረረበት ዕለት የክለቡ አክሲዮን ዋጋ በኒው ዮርክ ጨመረ። ገበያውም እንደ ደጋፊው የስንብት ወሬ ይወዳል ማለት ነው። የዚያን ቀን የገዛ ሰው ተስፋ ገዛ፤ ከዚያ በኋላ ግን ክለቡ የሊግ ዋንጫ ሳያነሳ አሥር ዓመት አለፈ።

ደላላው አይባረርም

አንካሳ በቅሎ የሸጠልህ ደላላ በማግስቱ መጥቶ «ይኼኛዋ ግን ሌላ ናት» ቢልህ ቢያንስ ቀና ብለህ ታየዋለህ። በእግር ኳስ ግን ደላላው እንደተቀመጠ ነው። በማንቸስተር ሞየስን አሰናብቶ ቫን ኻልን፣ ሞሪኞንና ሶልሻየርን በየተራ የቀጠረው አስተዳደር በኤድ ውድዋርድ ይመራ የነበረው አንዱና ያው አስተዳደር ነው። ሰውዬው ወንበሩን የለቀቀው በ2022 መጀመሪያ ነበር። ሦስቱ አሰልጣኞች የሚከተሉት አጨዋወት አንዱ ከሌላው የማይገናኝ በመሆኑ፣ ለአንዱ የተገዛው ተጫዋች ለሌላው ዕዳ ሆነበት። ስሙን ሲለዋውጡ የግዢ መመሪያ ግን አልነበራቸውም። የደጋፊው ክርክርም በስሙ ላይ ብቻ ያተኮረ ስለነበር ጥፋታቸውን ሸፈነላቸው።

የታገሠ ምን አገኘ?

የዚያ ማሳያ ቤት ደላላ ቡድን አርሴናል በዚህ በኩል ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። አርሴን ቬንገር ከ22 ዓመት በኋላ በ2018 ሲለቅ ኡናይ ኤምሪ ተተካ፤ በኅዳር 2019 ተባረረ። በታኅሣሥ ሚኬል አርቴታ መጣ። ያለፈው ልምዱ ረዳትነት ብቻ ነበር። የኤፍ ኤ ካፕን ቢያነሳም በሊጉ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ 8ኛ ወጣ። በነሐሴ 2021 ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች በብሬንትፎርድ፣ በቼልሲና በማንቸስተር ሲቲ ተሸነፈ፤ 9 ጎል ገብቶበት አንድም አላስቆጠረም። ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ እስከ ቡሬ «አርቴታ ይውጣ» ያላለ የአርሴናል ደጋፊ ጥቂት ነበር። ክለቡ ግን አላባረረውም። በዚያው ዓመት 5ኛ፣ ከዚያ በ2023፣ በ2024ና በ2025 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ 2ኛ ሆነ።

ሁለተኛ መውጣት ዋንጫ አይደለም የሚል አይጠፋም፤ ልክ ነው። እኔ የማየው ግን አርሴናል ከ8ኛ ወደ 2ኛ የወጣው ለአንድም ዋና አሰልጣኝ የስንብት ገንዘብ ሳይከፍል መሆኑን ነው። ያ ገንዘብ ተጫዋች ገዛበት።

ታዲያ ማባረር ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለቴ ነው? አይደለም። ቼልሲ በጥር 2021 ፍራንክ ላምፓርድን አሰናብቶ በማግስቱ ቶማስ ቱሄልን ቀጠረ፤ በአራተኛው ወር የአውሮፓን ዋንጫ አነሳ። እዚያ ግን ዕቃው በመጋዘን ነበር፤ የጎደለው ዕቃውን የሚያሰናዳ ሰው ነበር። ጉድለቱን በትክክል ለይቶ ያወቀ ገዢ ቢቸኩልም ያተርፋል። ጉድለቱን ያላወቀ ግን፣ አበው እንዳሉት፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በዚህ ላይ የምሁራን ጥናትም አለ። ባስ ተር ዌል የተባለ የሆላንድ የኢኮኖሚ ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 ያለውን የአገሩን ሊግ መረጃ መርምሮ ነበር። አሰልጣኝ ካባረሩ በኋላ ክለቦች ውጤታቸው ይሻሻላል። ይሁን እንጂ በተመሳሳይ ሁኔታ ወድቀው አሰልጣኛቸውን ያላባረሩትም እንዲሁ ተሻሻሉ። ለእህል ነጋዴ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አዝመራ በተሰበሰበ ሰሞን የወረደ የበቆሎ ዋጋ ወደ ክረምት መውጣቱ አይቀርም። በመካከል ደላላውን የቀየረ ሰው «አዲሱ ደላላ ዋጋውን አወጣልኝ» ቢል ራሱን ያታልላል።

የእኛው ቤት ሒሳብ

እስካሁን የሰው አገር ሒሳብ ቆጠርን። በዚያ የ2006 ሚያዝያ ሰሞን ግን የፍኖተ ሰላሙ ቤት ሌላም ክርክር ነበረበት፦ በብሔራዊ ቡድኑ ሰውነት ቢሻውን ማን ይተካ?

አሰልጣኝ ሰውነት በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈው ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁ። በሰኔ 2005 ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረቱ። ቡድኑ ከናይጄሪያ ጋር በጥቅምትና በኅዳር 2006 ባደረጋቸው ሁለት ጨዋታዎች ባይሸነፍ ኖሮ ብራዚል በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ይሳተፍ ነበር። ከዚያ በጥር 2006 ደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ጎል እንኳ ሳያስቆጥር ተሸነፈ፤ አሰልጣኙም ተሰናበቱ።

ወዲያው ክርክሩ «የውጭ ይሁን ወይስ የአገር ልጅ?» ሆነ። ጎጃምም አዲስ አበባም በዚህ ተከፈለ። የተቀጠሩት ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ሆኑ። በሚያዝያ 2007 እሳቸውም ተሰናበቱ። ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ ተከታተሉ። ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ዳግመኛ የበቃችው በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ጊዜ ነው፤ ውድድሩም በጥር 2014 ካሜሩን ላይ ተካሄደ። በሁለቱ መካከል ዘጠኝ ዓመት አለፈ። የውጭም የአገር ልጅም ተሞክሯል። ጥያቄው የተሳሳተ ስለነበር መልሱ አላዋጣም።

ለምን ተሳሳተ ካላችሁ፣ በሰውነት ዘመን የደረሰውን አንድ ነገር አስታውሱ። በሰኔ 2005 ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ባሸነፍንበት ጨዋታ፣ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበትና ማረፍ የሚገባው ተጫዋች ተሰለፈ። ሦስቱ ነጥብ ተነጥቀን ለተሸናፊው ተሰጠ። ቡድኑ የማታ ማታ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን ባይመራ ኖሮ ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ያልታየ ወረቀት ቀርቶ ነበር። ይህ የአሰላለፍ ጉድለት አይደለም፤ የመዝገብ ጉድለት ነው። ሊዝበን ሄዶ የተቀጠረ አሰልጣኝ አዲስ አበባ ያለውን የመዝገብ አያያዝ አያስተካክልም።

በክለብ ደረጃም ከዚህ አንርቅም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሳ። አንድ ዓመት ሳይቆይ፣ በተከታዩ የውድድር ዘመን፣ ከአሰልጣኙ ጋር ተለያየ። ዋንጫ ያመጣ ሰው አንድ ዓመት የማይታገሥበት ገበያ ላይ፣ ነገ የሚመጣው አሰልጣኝ ምን ብሎ ነው ወጣት ተጫዋች የሚያሳድገው? የሚያዋጣው ያረጀ ተጫዋች ገዝቶ ዘንድሮን መሻገር ነው። የዚያም ወጪ የሚወጣው ከክለቡ ካዝና ነው።

ካዝናው የማን ነው?

እዚህ ላይ የበርበሬ ነጋዴው ጥያቄ ከማንቸስተር ይልቅ እኛን ይመለከታል። የማንቸስተር ኪሳራ የባለአክሲዮኖች ነው፤ ወደው ገዙ፣ ካልፈለጉ ይሸጣሉ። በአገራችን «ከነማ» የሚል ስም የተሸከመው ክለብ ግን አብዛኛውን ወጪውን የሚሸፍነው ከከተማ በጀት፣ ከሠራተኛ ደመወዝ ከሚቆረጥና ከነጋዴው መዋጮ ነው። የመዋጮ ደብተር ይዘው ሱቅ ለሱቅ የሚዞሩትን የማያውቅ የከተማ ነጋዴ የለም። ቲሸርት ግዛ፣ ለአውቶቡስ አግዝ፣ የከተማህ ስም ይጠራ ይባላል። ማንም ደስ ብሎት ይሰጣል። ግን ከሰጠው ውስጥ ስንቱ ለኳስ፣ ስንቱ ለታዳጊ፣ ስንቱ ቤቱ ተቀምጦ ለሚከፈለው ተሰናባች እንደዋለ የሚነግረው የለም።

ደግሞም ገንዘቡ እንደ ድሮው ትንሽ አይደለም። ፕሪሚየር ሊጉን የሚመራው ክለቦቹ ባለቤት የሆኑበት አክሲዮን ማኅበር ነው። በ2013 የጀመረውን የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ስርጭት መብት ለዲኤስቲቪ በ68 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ነበር። ሊጉ ነጋዴ ሆነ፤ ክለቦቹ ግን አብዛኞቹ እስካሁን የበጀት ጥገኛ ናቸው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ከጥር 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። አንድ ቀን አንድ ክለብ አክሲዮን ልሽጥ ብሎ እዚያ ቢቀርብ፣ ገዢው ከአጥቂው ስም በፊት የሚጠይቀው «በአምስት ዓመት ስንት አሰልጣኝ አሰናበታችሁ፣ ስንትስ ከፈላችሁ?» የሚለውን ነው። መልሱን ዛሬ መጻፍ ያልጀመረ ክለብ ያን ቀን የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም።

ሦስት መስመር ወረቀት

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አሰልጣኝ የሚያሰናብት የክለብ ቦርድ አዲስ ስም ከመጥራቱ በፊት ሦስት ነገር ጽፎ ገንዘብ ለሚሰጡት ሁሉ ያሳይ።

አንደኛ፣ የተበላሸው ምንድን ነው? ልምምዱ ነው፣ የተጫዋች ግዢው ነው፣ የደመወዝ መዘግየት ነው ወይስ መዝገቡ? ደመወዝ ሦስት ወር ዘግይቶበት የሮጠ ተጫዋች የለም፤ ያንን የትኛውም አሰልጣኝ አይፈውሰውም።

ሁለተኛ፣ ተሰናባቹ ስንት ይከፈለዋል፣ ከየትኛው ሒሳብ? ከታዳጊዎቹ በጀት ከሆነ ይነገር። የሚቀጥለው ውል ሲፈረም ደግሞ መውጫው አብሮ ይጻፍ፦ በመጀመሪያው ዓመት ይህን፣ በሁለተኛው ይህን ካላሳካ የዚህን ያህል ወር ደመወዝ ተከፍሎት ይለያያል ተብሎ። የሞየስ ውል ያስተማረን ይህን ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ አሰልጣኙንም ይጠቅመዋል፤ ስንት ጊዜ እንዳለው ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ያለፈውን ማን መረጠው? የመራጮቹ ስም ይጻፍ። ሁለት ጊዜ የተሳሳተ መራጭ ሦስተኛውን አይምረጥ። ይህን በእህል ንግድ ለአንድ ገዢ ወኪል እንኳ አንፈቅድም። ሁለት ጊዜ ነቀዝ የበላው በቆሎ የጫነ ወኪል ሦስተኛ ገንዘብ አይሰጠውም።

ይህን ሦስት መስመር ያላሳየ ክለብ የመዋጮ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ፣ ነጋዴው እጁን ኪሱ ከመክተቱ በፊት ቢጠይቅ ክለቡን መጥላቱ አይደለም። የሚወደውን ነገር እንደ ንብረቱ ማየቱ ነው።

ደጋፊው ክርክሩን ይተው አልልም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቅዞ፣ ጸጥታው ሲፈቅድ፣ በአንድ ስክሪን ፊት ዩናይትድና አርሴናል ተብሎ መጨቃጨቅ በጎጃም ከተሞች ካሉት ጥቂት የጋራ ደስታዎች አንዱ ነው። እኔም እጨቃጨቃለሁ። የማንቸስተሩን አሰልጣኝ እንደፈለግን ብንሾመውና ብንሽረው ከኪሳችን የሚወጣው የመግቢያ ብር ብቻ ነው። የራሳችንን ከተማ አሰልጣኝ በዚያው ቅለት ስንሽር ግን ሒሳቡ ዞሮ በመዋጮ ደብተር በራችን ይመጣል። ጋሼ የበርበሬ ነጋዴው «አንድ ሰው ይጠየቃል» ሲሉ የሳቅነው እኛ ነበርን፤ የምንጠየቀውም እኛው ነን።